ከሠላሳ በኋላ ልጅ ስታስቡ ከየት ይጀመራል?

ደሴ ውስጥ አግብታ ሠላሳ የሞላትና ገና ያልወለደች ሴት ቡና ላይ በሰላም አትቀመጥም። አቦሉ ላይ ምርቃቱ ይመጣል፤ «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ!» አሜን ትያለሽ። ቶናው ላይ ጥያቄው ይከተላል፤ «ምነው ልጄ፣ ችግር አለ እንዴ?» በረካው ላይ ደግሞ አንዷ ተነስታ የጎረቤቷ ልጅ የፀነሰችበትን ጠበል ወይም ዱአ ያደረጉላትን አባት ትጠቁምሻለች።

እኔም ለዓመታት አሜን ስል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ትምህርት ነበር። ቀጥሎ ሥራ። ቀጥሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባና ዕቅዳችን ሁሉ ተበተነ። ከዚያ ኑሮው ተወደደ። «ትንሽ ይረጋጋ» እያልን 33 ሞላኝ። አንድ ማታ «በቃ እንጀምር» ተባባልን። ለእኛ መጀመር ማለት የሦስት ወር መርፌውን መተው ነበር። ሌላ ምንም አላደረግንም። መርፌውን መተው ግን የነገሩ መካከል እንጂ መጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያው ከዚያ ቀድሞ ነው፤ የሚጀምሩትም ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች ያለው ከነርሶችና ከሐኪሞች እየጠየቅሁ የያዝኩት፣ አበላሽቼም ያስተካከልኩት ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለብሽ ከሆነ ግን ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን አናግሪ።

ደረጃ 1፦ ቀን ቁረጡ

«አንድ ቀን እንወልዳለን» ዕቅድ አይደለም። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዱና መሞከር የምትጀምሩበትን ቀን አክብቡ። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ሦስት ወር ቁጠሩ። ጥር 1ን ካከበባችሁ ዝግጅቱ ጥቅምት 1 ይጀምራል። ሦስት ወር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚንም በሰውነት ውስጥ ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል። ምርመራው ላይ አንድ ነገር ከተገኘ ለመታከምም ጊዜ አላችሁ።

ስለ ዕድሜ እውነቱን እንነጋገር። ሴት ልጅ ዕንቁላሎቿን በሙሉ ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ አይጨመርም፣ ይቀንሳል እንጂ። የመፀነስ ዕድል ከ32 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ37 በኋላ አወራረዱ ይፈጥናል። ጤነኛ የ30 ዓመት ሴት በአንድ ወር ሙከራ የመፀነስ ዕድሏ ከመቶ 20 ያህል ነው። በ40 ዓመት ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው፣ የአእምሮ ዕድገትን የሚያዘገይ ችግር ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድልም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ በ30 ዓመት ከ900 ልጆች አንድ፣ በ35 ከ350 አንድ፣ በ40 ከ100 አንድ አካባቢ ነው።

ስለዚህ በ31 ዓመትሽ ስድስት ወር ብትጠብቂ ብዙ አይጎዳሽም። በ37 ግን ስድስት ወር ረጅም ነው። «ዕቃው ይሟላ፣ ቤቱ ይለቅ» የሚለውን በዚህ ሚዛን መዝኑት።

ውይይቱን ቤት ውስጥ አታድርጉት። ቤት ውስጥ ስልክ ይጠራል፣ እንግዳ ይመጣል። እኛ አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ወረድን። ዓሣ አዘዝንና ሦስት ጥያቄ ብቻ ተነጋገርን። አንደኛው፣ ሥራ ስመለስ ልጁን ማን ይይዛል የሚል ነው። «እማዬ አለች» አልኩ። «የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ አይተሽዋል?» አለኝ። ልክ ነበር። ሁለተኛው፣ ስንት ልጅ የሚለው ነው። ይሄ ቀልድ ይመስላል እንጂ ሒሳብ ነው። ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩን ለመፀነስ ቢያንስ ሁለት ዓመት መጠበቅ ይመከራል። በ34 የመጀመሪያውን የወለደች ሴት ሁለተኛውን የምትወልደው 37 ገደማ ነው። ሦስት ልጅ የሚያምራችሁ ከሆነ ቶሎ ጀምሩ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ባይመጣስ? ባለቤቴ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ከዓሣው አጥንት እየለቀመ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መደርደር ያዘ። ደርድሮ ሲጨርስ «እኔም እመረመራለሁ» አለ። ያን ቀን ከተባለው ሁሉ የጠቀመን ይህ ነው። ሌላ ሴት አገባ ብሎ የሚያስፈራራ ዘመድ በሞላበት አገር፣ ይህን ቃል ገና ሳይጀመር መቀበል ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የምትጠቀሚውን መከላከያ ጠባይ ዕወቂ

እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት። ለአራት ዓመት የሦስት ወር መርፌ፣ ዴፖ የምንለውን፣ ስወስድ ነበር። የመጨረሻውን የወሰድኩት መስከረም ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጊዜው አለፈ። ጥር ላይ እፀንሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ፔሬድ እንኳ አልመጣም። አረገዝኩ ብዬ መመርመሪያ ገዛሁ፤ አንድ መስመር። በሳምንቱ ሌላ ገዛሁ፤ ያው አንድ መስመር። የካቲት ላይ መርፌው ማህፀኔን አደረቀው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

መርፌውን ስወስድበት የነበረው ቦታ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በኋላ አንዲት ነርስ ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ። ዴፖ ማህፀን አያደርቅም። ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አብዛኛዎቹ ሴቶች የሚፀንሱት ከመጨረሻው መርፌ 9 ወይም 10 ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። የእኔ ፔሬድ የተመለሰው ሰኔ ላይ ነው። እስኪመለስ የነበሩትን ወራት የዝግጅት ጊዜ አደረግናቸውና እንደገና ከሀ ጀመርን።

ስለዚህ ዴፖ ላይ ካለሽ ሦስት ወሩ አይበቃሽም። ካከበብሽው ቀን ቢያንስ ከ9 ወር በፊት መርፌውን ትተሽ ወደ ኮንዶም ወይም ወደ እንክብል ቀይሪ። ዐረብ አገር ስትሄጂ መርፌ ተወግተሽ፣ እዚያም ቀጥለሽ የተመለስሽ ከሆነ፣ የመጨረሻውን የወሰድሽበትን ወር አስታውሰሽ ከዚያ ቁጠሪ። ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕና እንክብሉ ግን ይህ ጣጣ የለባቸውም። ከወጡ ወይም ከቆሙ በኋላ የመፀነስ አቅም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ክንድ ላይ ያለውን ቤት ውስጥ እንነቅለዋለን የሚሉ አሉ። በፍጹም፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ደረጃ 3፦ ለሁለት ተመርመሩ

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ «ልጅ ልንጀምር ነው፣ ከእርግዝና በፊት ያለውን ምርመራ እንፈልጋለን» በሉ። «ስትፀንሺ ነይ» የሚል ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። አትመለሱ፤ ሌላ ክፍል ጠይቁ።

የሚታየው ይሄ ነው። የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ሽንት። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ ለሁለታችሁም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ጤነኛ ልጅ ይወልዳል፤ ቀድሞ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ። ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ከሆድ በታች ሕመም ካለሽ ሳታፍሪ ተናገሪ። ክላሚዲያና ጨብጥ ካልታከሙ የማህፀን ቱቦን ይዘጋሉ፤ ብዙ ጊዜም ምልክት ሳያሳዩ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽ ስንት እንደደረሰ ጠይቂ።

ከሁሉም በላይ የደም ዓይነታችሁን ዕወቁ። ሾተላይ የሚባለውን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ታድጋለች፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ይሞታሉ፣ ሰፈሩ ደግሞ እናቲቱን በሆነ ነገር ይጠረጥራል። ነገሩ የደም ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የአባት ደም ፖዘቲቭ ሲሆን ፅንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ከእናት ጋር ይገናኛል። የእናት ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት መከላከያ ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ቀጣዩን ግን ያ መከላከያ ያጠቃዋል። ይህን የሚያቆም አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። በእርግዝናው በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ካጋጠመም ያስፈልጋል። መርፌው በየፋርማሲው አይገኝም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ደምሽ ኔጌቲቭ መሆኑን ዛሬ ካወቅሽ ለማፈላለግና ለመቆጠብ ወራት አለሽ። ምጥ ላይ ሆነሽ ካወቅሽ ግን ያሉሽ ሦስት ቀናት ናቸው።

መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ስሙን ተናገሪ። ለግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮት ፅንስ ይጎዳሉ፤ በሌላ ይቀየራሉ። በራስሽ ግን አታቁሚ። አንቺ ከታመምሽ ፅንሱም አይድንም።

ደረጃ 4፦ ፎሊክ አሲድ፣ ጨው፣ ማዕድ

በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ከመፀነስሽ በፊት ቢቻል ከሦስት ወር፣ ቢያንስ ከአንድ ወር ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። ካወቀች በኋላ ብትጀምር ዋናው ጊዜ አልፏል። ፋርማሲ ውስጥ ማይክሮግራምና ሚሊግራም እንዳይምታታብሽ። 5 ሚሊግራም ከ400 ማይክሮግራም 12 ዕጥፍ ተኩል ነው። ትልቁ መጠን ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች፣ ስኳር ላለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት በሐኪም የሚታዘዝ ነው።

ጨው። እኛ ወሎዎች ጨዋችን ከአፋር ነው፤ ድሮ በግመል አሞሌ እየሆነ ወጣ፣ ዛሬ ከአፍዴራ በመኪና ይመጣል። አሞሌው አዮዲን የለውም። በደጋው አገራችን አፈሩም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት የበዛው ለዚህ ነው። አዮዲን ደግሞ ለፅንሱ አንጎል ያስፈልጋል። ስለዚህ የታሸገውን፣ «አዮዲን ያለው» የሚል የተጻፈበትን ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ አድርጊው። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው፤ ከመጀመሪያው ብታንተከትኪው አዮዲኑ ይበናል። አማቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። «እኔ ሰባት የወለድኩት በአሞሌ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንገቷ ላይ ያለውን ግን ሁለታችንም እናየዋለን፤ ዝም አልኩ።

ምግቡ ያው የቤታችን ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ዕንቁላል፣ ሲገኝ ሥጋ። ደም ማነስ ካለብሽ ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ብረቱን ሰውነትሽ እንዲወስደው ይረዳል። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀሩት ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ከ200 ሚሊግራም በላይ ካፌይን ባትወስድ ይመረጣል። የእኛ ጀበና ደግሞ ወፍራም ነው። እኔ አቦሉን ጠጥቼ በረካውን ለአማቴ መተው ለመድኩ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ከአሁኑ ይቅሩ፤ ቶክሶፕላዝማና ብሩሴላ የሚባሉት ጀርሞች በእነሱ በኩል ይመጣሉ፣ ፅንስም ያስወርዳሉ። ጠላውም አረቄውም መሞከር ስትጀምሩ ይቁም። በእርግዝና ለመጠጥ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።

ጾሙን በተመለከተ እንደ ቤታችሁ ነው። በእኛ ቤት ባለቤቴ ረመዳንን፣ እኔ ሁዳዴን እንይዛለን፤ ወሎ ነውና ማንም አይገረምም። ጤነኛ ሴት ስትዘጋጅ መጾም ትችላለች። ግን ሁዳዴ 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ዕንቁላል ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ስለሚገኝ በፍስኩ ጊዜ አትቆጥቢ፤ በጾሙ ጥራጥሬውን አብዢ። ከፀነስሽ በኋላ የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ነፍሰ ጡር ሙስሊም ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች አፍጥራ ሌላ ጊዜ ቀዷ ታወጣለች።

ደረጃ 5፦ ይህ ለአንተ ነው፣ ወንድሜ

ልጅ ሲዘገይ ግማሽ በሚጠጋው ጊዜ የወንዱም ድርሻ አለበት። ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። ሐኪም ቤት ግን ቀድማ የምትላከው ሁልጊዜ ሴቷ ናት።

ዛሬ የምታደርገው ነገር ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ባለው ዘርህ ላይ ነው። ሲጋራ አቁም። መጠጥ ቀንስ። ጫቱን በተመለከተ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። የዘር ጥራትን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ከዚያም በላይ ጫት የቃመ ሰው ሌሊት አይተኛም፣ ምግብ አይበላም፤ ፍላጎቱም ሌላ ቦታ ነው። ወዳጃው ላይ ተቀመጥ፣ ዱአውን አድርግ፤ ቅጠሉን ለሦስት ወር ተወው። ሚስትህማ ጭራሽ መቃም የለባትም፤ የሚወለደው ልጅ ክብደት ይቀንሳል።

ሙቀት ለዘር አይስማማም። ላፕቶፕ ጭን ላይ አታስቀምጥ። ሹፌር ከሆንክ በየሁለት ሰዓቱ ወርደህ ተንቀሳቀስ። ጡንቻ ለማፈርጠም በጂም ቤት የሚሸጡ የቴስቶስተሮን መርፌዎች ደግሞ ዘር ማምረቱን ያቆሙታል። ስሙ የወንድነት ሆርሞን ስለሆነ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል።

ደረጃ 6፦ ቀን አቆጣጠር

ዕንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል በፊት ነው። ከወጣ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ይቆያል። የወንድ ዘር ግን በማህፀንና በቱቦ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይኖራል። ስለዚህ ለም የሆኑት ቀናት ስድስት ናቸው፤ ዕንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከእሱ በፊት ያሉት አምስት። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

የእኔን ልንገርሽ። ዑደቴ 28 ቀን ነው። ፔሬዴ ኅዳር 14 መጣ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀጣዩ ታኅሣሥ 12 ይሆናል። ከታኅሣሥ 12 ላይ 14 ስቀንስ ኅዳር 28። ከኅዳር 23 እስከ 28 ለም ቀኖቼ ነበሩ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አደረግሁባቸው። እንግዳ ሲመጣ «የእቁብ ቀን ነው» እላለሁ።

ጳጉሜን እንዳትረሺ። ነሐሴ 25 የመጣብኝ ፔሬድ መስከረም 18 ሲደገም አምስት ቀን ቀደመ ብዬ ደንግጬ ነበር። አልቀደመም፤ ጳጉሜን ሳልቆጥር ቀርቼ ነው። ስልክ ላይ ያሉት መቁጠሪያዎች በፈረንጅ ስለሚቆጥሩ ይህ ስህተት አይገጥማቸውም። ግን ሁለቱን አታደባልቂ።

ዑደትሽ ከወር ወር የሚለያይ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስትሻል። ያን ጊዜ ፈሳሽሽን ተከታተዪ። እንደ ጥሬ ዕንቁላል ነጭ ግልጽና የሚለጠጥ ሲሆን ቀኑ ቀርቧል። ይህ ሁሉ ካሰለቸሽ አቋራጩ ፔሬድ ካቆመ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መገናኘት ነው። ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ከግንኙነት በኋላ እግር ወደ ላይ ሰቅሎ መተኛት ግን ለውጥ አያመጣም፤ እኔ አንገቴን አሞኛል።

የሹፌር ሚስት የሆነች ጓደኛ አለችኝ። ባሏ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጂቡቲ ይመላለሳል። ዓመት ሙሉ «አልመጣም» ስትል ከረመች። ቀኖቹን ቁጭ ብለን ስንቆጥር፣ በለሞቹ ቀናት ሰውዬው ቤት የነበረው ሁለት ወር ብቻ ነው። አለቃውን ለምኖ ጉዞውን አዛወረ። ለሙከራ ከሥራ ፈቃድ ይጠየቅ እንዴ እያልን ሳቅን፤ ግን ይጠየቃል።

ደረጃ 7፦ ገንዘብና ሥራ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ዕድሉ የሞግዚት ደመወዝ አይከፍልም። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። ከኪስ የሚወጣው የግል አልትራሳውንድ፣ ትራንስፖርት፣ ልብስ፣ የአራስ ቤቱ ቅቤና ማር ነው። የአሥር ወር ዕቁብ ግቢና ሰብሳቢው ዕጣሽን መጨረሻ ላይ እንዲያደርግልሽ ጠይቂ፤ ማንም መጨረሻውን ስለማይፈልግ ደስ ብሏቸው ይሰጡሻል።

የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ። ለአባት ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ለገንፎውም አይበቃ፤ ባልሽ የዓመት ፈቃዱን ከአሁኑ ያጠራቅም።

ደረጃ 8፦ መጠበቅ፣ ከዚያ አለመጠበቅ

በዓመት ውስጥ ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑ ጥንዶች ይፀንሳሉ። በመጀመሪያው ወር ካልሆነ ምንም አልተበላሸም። ለዘመድ አንድ መልስ አዘጋጁ፤ ሁለታችሁም ያንኑ ተናገሩ። የእኛ «እሱ ሲፈቅድ፤ እስቲ ቡናውን ቅጂልኝ» ነበር። መሞከር መጀመራችሁን ለማንም አትንገሩ። ከነገራችሁ በየወሩ ሪፖርት ትጠየቃላችሁ።

ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ 12 ወር ሞክሩ። 35 ካለፈ 6 ወር ብቻ። 40 ካለፈ፣ ወይም ፔሬድሽ ከተዛባ፣ ወይም የማህፀን ወይም የቱቦ ኢንፌክሽን ታሪክ ካለሽ ሳትጠብቂ ሂጂ። ስትሄዱ መጀመሪያ የባልየው ዘር ይመርመር። ቀላሉና ርካሹ ምርመራ እሱ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ። ሴቷ ቱቦዋ በራጅ እስኪታይ ድረስ ተሰቃይታ፣ ችግሩ በኋላ ባልየው ላይ የተገኘበትን ታሪክ ደሴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነገሩ ከተወሳሰበ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍላችኋል። በላብራቶሪ የማዳቀል ሕክምና ከመንግሥት ሆስፒታሎች በቅዱስ ጳውሎስ ይሰጣል።

ግሸን መውጣት የምትፈልግ ትውጣ፤ መስከረም 21 እኔም ወጥቼ ስለት ተስያለሁ። ዱአውም ይደረግ። ለጠበል ብለሽ መድኃኒት እንዳታቋርጪ ብቻ። «ማህፀን ያጥባል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሰጥ ቅጠልን ግን አልቀበልም። ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኮሶም ፅንስ ያስወርዳል፤ ለትል ሌላ መድኃኒት አለ።

ደረጃ 9፦ ፔሬዱ የቀረ ጊዜ

ታኅሣሥ 12 አልመጣም። 13 አልመጣም። 14 ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት በቡና ሲኒ ያዝኩ። ሲኒውን ከዚያ በኋላ ጥዬዋለሁ፤ አማቴ እስከ ዛሬ ስድስተኛው ሲኒ የት ሄደ ትላለች። ሁለት መስመር ነበር።

ሁለት መስመር ስታዪ ፎሊክ አሲዱን ቀጥይ። የሚወለድበትን ቀን ለማወቅ የመጨረሻው ፔሬድ በመጣበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪ፤ መካከል ላይ ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን። ከኅዳር 14 ነሐሴ 24 ይሆናል። ደም ከፈሰሰሽ ወይም በአንድ ጎን ብርቱ ሕመም ከያዘሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ፅንሱ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል። ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ያላችሁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ወባ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጥላል።

«ሦስት ወር ሳይሞላ አይነገርም» የሚለው ለጎረቤት ይሁን። ለጤና ጣቢያ አይሠራም። የመጀመሪያው ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት መሆን አለበት፤ እንደ እኔ ከኅዳር 14 ለቆጠረች ከየካቲት 8 በፊት ማለት ነው። ባልሽን አስከትዪ። የደም ዓይነት የተጻፈበትን ወረቀትና የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርገሽ ያዢ። ካርድ ክፍሉ ጠዋት ስለሚጨናነቅ በጊዜ ውጡ።